ያላየሁት ጨለማ ይናፍቀኛል

ልሄድበት የምመኘው ቦታ ላይ ያለው ትልቁ ቴሌስኮፕ ዓይን አስጠግቶ የሚታይበት ቀዳዳ የለውም። ብትለምን፣ ብታለቅስ፣ ዘመድ ብታፈላልግ ማንም በሱ ውስጥ ሰማይ አያሳይህም። ይህን ስናገር ሰው ግራ ይገባዋል። "ታዲያ ያን ሁሉ አገር አቋርጠህ ምን ልታይ ነው?" ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፎቶው እንደሆነ ስልኬ ላይ ሞልቷል፤ ያውም በዓይን ከሚታየው የበለጠ ቆንጆ ሆኖ።

ቦታው ሰዘርላንድ ይባላል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ካሩ በሚሉት ደረቅና ሰፊ ምድር ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከከተማዋ ትንሽ ወጣ ሲባል ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ባለው ኮረብታ ላይ ጉልላቶች ተደርድረዋል። የደቡብ አፍሪካ የሥነ ፈለክ ኦብዘርቫቶሪ (የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ) ቴሌስኮፖች ያሉት እዚያ ነው። ከሁሉም ጎልቶ የሚታየው የሳልት ጉልላት ነው። ሳልት እ.ኤ.አ. በ2005 የተመረቀ፣ በትልቅነቱ በአፍሪካ አቻ የሌለው የኦፕቲካል፣ ማለትም በዓይን የሚታየውን ዓይነት ብርሃን የሚሰበስብ፣ ቴሌስኮፕ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መንገዱን በካርታ ላይ ደጋግሜ ሄጄበታለሁ። ከኬፕታውን ኮረብታው ድረስ 370 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኤን 1 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዞ መውጣት ነው። ፓርል ከታለፈ በኋላ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፈው የሂዩጂኖት ዋሻ ይመጣል፤ ርዝመቱ 4 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከዋሻው ማዶ ዉስተር አለች፤ ከዚያ ወይን የሞላበት የሄክስ ወንዝ ሸለቆ፤ ከዚያ አረንጓዴው ነገር ያልቅና ካሩ ይጀምራል። ማይኪስፎንቴይን የምትባል ትንሽ መንደር ጋ ሲደረስ ወደ ሰሜን መታጠፍ ነው። ከዚህ ወዲያ ሰዘርላንድ ድረስ ለ110 ኪሎ ሜትር ያህል ከተማ የሚባል ነገር የለም። መንገዱ ብዙውን ሜዳ ለሜዳ ይሄድና ፌርላተንክሎፍ በሚባለው ገደል እየተጠማዘዘ ይወጣል። በሌሊት ከሳተላይት በተነሳው ካርታ ላይ ሳየው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ኬፕታውን እሳት የተነሳባት ይመስላል። ከተራራው ማዶ መብራቱ እየሳሳ፣ እየሳሳ ይሄድና ጥቁር ብቻ ይቀራል። ጣቴ ሁልጊዜ የሚያርፈው እዚያ ጥቁሩ ላይ ነው።

ሰዘርላንድ የታወቀችው ቴሌስኮፕ ስላላት ነው ይባላል። እኔ ነገሩን የማየው ተገልብጦ ነው። ጨለማው ቀድሞም እዚያው ነበር። ተከትለውት የሄዱት ቴሌስኮፖቹ ናቸው።

ኬፕታውን ውስጥ እንግሊዞች በ1820 ያቋቋሙት ኦብዘርቫቶሪ አለ። የሰፈሩ ስም ራሱ እስከ ዛሬ ኦብዘርቫቶሪ ነው። በ1832 ቶማስ ሄንደርሰን የሚባል ስኮትላንዳዊ ኃላፊ ሆኖ መጣ። ሰውየው ቦታውን አልወደደውም። ያኔ ዙሪያው ረግረግ ነበር፤ ጤናውም አልተመቸው። ብዙም ሳይቆይ በ1833 ጥሎ ሄደ። ግን በዚያች አጭር ጊዜ አልፋ ሴንታውሪ የምትባለውን ደማቅ ኮከብ ደጋግሞ ለክቷል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስትዞር ቅርብ ያለ ኮከብ ከኋላው ካሉት ሩቅ ኮከቦች አንፃር እጅግ በጣም ጥቂት ወዲያ ወዲህ ያለ ይመስላል። ያችን ጥቂት የለካ የኮከቡን ርቀት አገኘ። እስከዚያ ድረስ የአንድም ኮከብ ርቀት በትክክል አይታወቅም ነበር፤ ስንትና ስንት ሰው ሞክሮ አልሆነለትም።

ሄንደርሰን መልሱን ይዞ ነበር የተመለሰው። ግን አላመነውም። ሒሳቡን ሳያሳትም ቆየ። በ1838 ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ቤሰል የሌላ ኮከብ ርቀት ለክቶ አወጀ። የሄንደርሰን ታትሞ የወጣው በ1839 ነው። የመጀመሪያው ተብሎ በየመጽሐፉ የሚጠቀሰው ቤሰል ሆነ። ይህ ታሪክ ሁሌም ያበሽቀኛል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለዚህ ሰውዬ ሳይሆን አይቀርም። የጠላው ሰማይ ለሌላው ሁሉ ብርቅ ነበር፤ ምክንያቱም አልፋ ሴንታውሪ ከአውሮፓ ሰማይ ላይ አትታይም።

ይቺው ኮከብ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ሌላም ጉዳይ አላት። በትንሽ ቴሌስኮፕ ሲያዩዋት ሁለት ኮከቦች ናት። ሦስተኛ የቤተሰብ አባልም አለቻት፤ ፈዛዛና ከሁለቱ ርቃ የቆመች። ያገኛት ሮበርት ኢንስ ነው፣ በ1915፣ ጆሃንስበርግ ከነበረው ኦብዘርቫቶሪ። ኢንስ ወደ ሥነ ፈለክ ጠቅልሎ ከመግባቱ በፊት የወይን ጠጅ ነጋዴ ነበር፤ ትምህርቱንም በራሱ ጥረት ነው ያዳበረው። ዛሬ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ እንላታለን። ከፀሐይ ቀጥሎ ከኛ ጋር በቅርበት የሚስተካከላት ኮከብ የለም፤ 4.2 የብርሃን ዓመት ላይ ናት (አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው)።

ከዚያ ከተሞቹ አደጉ። መብራት መጣ፣ ጭስ መጣ። በ1972 የኬፕታውኑና የጆሃንስበርጉ ኦብዘርቫቶሪዎች ተዋሃዱና አንድ ተቋም ሆኑ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ኬፕታውን ቀረ። ቴሌስኮፖቹ ግን ወደ ሰዘርላንድ ወጡ።

ከነዚህ ስደተኞች ሁሉ የምወደው አንድ አለ። ብርሃን የሚሰበስበው መስታወቱ ስፋቱ 1.9 ሜትር ነው። ድሮ ራድክሊፍ ይባል ነበር፤ ከ1948 ጀምሮ የሚሠራው ፕሪቶሪያ ላይ ነበር። ዴቪድ ታከሪና ባልደረባው በዚህ ቴሌስኮፕ የማጄላን ደመናዎች በሚባሉት ሁለት ትናንሽ ጋላክሲዎች (የኮከብ መንጋዎች) ውስጥ ብርሃናቸው ከፍ ዝቅ የሚል፣ አር አር ላይራ የሚባሉ ኮከቦችን አገኙ። ኮከቦቹ መሆን ከነበረባቸው በላይ ፈዛዛ ነበሩ። ፈዘዙ ማለት ራቁ ማለት ነው። በ1952 ሮም ላይ በተደረገው የዓለም የሥነ ፈለክ ጉባኤ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዋልተር ባዴ አንድሮሜዳ ጋላክሲን ይዞ "ርቀቱን አሳንሰን ነው የገመትነው" ብሎ ሲያቀርብ፣ ታከሪ ከፕሪቶሪያ ያመጣውን ማረጋገጫ ይዞ ተነሳ። የጋላክሲዎች ርቀት በአንድ ስብሰባ እጥፍ ሆነ። በሰው ልጅ ታሪክ ይህን ያህል "ሰፋ" የተባለለት ስብሰባ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ይህ ባለ ታሪክ ቴሌስኮፕ በስተኋላ የፕሪቶሪያ መብራት አላሠራ አለው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ተፈታታ፣ ተጫነ፣ ካሩ ላይ እንደገና ተተከለ። አሁንም እዚያው ይሠራል። ያ ሁሉ ብረትና መስታወት ጓዙን ጠቅልሎ ጨለማ ፍለጋ ከወጣ፣ እኔ በአንድ ሻንጣ ብሄድ ምን ይገርማል?

ስለ ሳልትም ልንገራችሁ፤ ዝም ብዬ ካለፍኩት ይቆጨኛል። ዋናው መስታወት አንድ ወጥ አይደለም። እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው 91 ባለ ስድስት ማዕዘን መስታወቶች ጎን ለጎን ተገጥመው ነው የሠሩት፤ ሲገጣጠሙ 11 ሜትር በ10 ሜትር ገደማ ይሆናሉ። 91ዱም አንድ ዓይነት ቅርጽ ነው ያላቸው። የአንድ ትልቅ ኳስ የውስጥ ገጽ ቁራጭ እንደማለት ነው። እንዲህ መሆኑ ወጪውን ቀንሶታል። ጣጣው፣ እንዲህ ያለ መስታወት ምስልን ያደበዝዛል። ስለዚህ ከላይ ብርሃኑን የሚያስተካክሉ ሌሎች መስታወቶች ተሰቅለዋል።

የሚገርመኝ ግን ይህ አይደለም። የሚገርመኝ ሳልት አንገቱን ቀና ደፋ የማያደርግ መሆኑ ነው። መስታወቱ ከቀጥታው አናት 37 ዲግሪ እንዳዘነበለ ይኖራል። አቅጣጫ መቀየር ሲያስፈልግ ከሥሩ አየር ይነፋና ግዙፉ አካል ከወለሉ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ይዞራል፣ ተመልሶ ቁጭ ይላል። ከዚያ በኋላ አይነቃነቅም። ኮከቡ ሲጓዝ እየተከተለ የሚሄደው ከላይ የተንጠለጠለው መሣሪያ ብቻ ነው። ስለዚህ ሳልት ደስ ባለው ሰዓት ደስ ያለውን አያይም። የሚፈልገው ነገር እሱ ወደሚያይበት የሰማይ ክፍል እስኪመጣ ይጠብቃል። አጠገቡ አንድ ረጅም ቀጭን ግንብ ቆሟል። 91ዱ መስታወቶች እንደ አንድ ሆነው መሰለፋቸው የሚፈተሸው ከዚያ ግንብ አናት ነው። ቀን ቀን ደግሞ የጉልላቱ ውስጥ ሆን ተብሎ ይቀዘቅዛል፤ የውስጡ አየር ከሌሊቱ ብርድ ጋር ካልተስማማ ምስሉ ይርገበገባልና። ያን ቅዝቃዜ በቀን ገብቼ ፊቴ ላይ እንዲሰማኝ እፈልጋለሁ። ለሌላው ሰው ምኑም ላይሆን ይችላል፤ ለኔ ግን ትልቅ ነገር ነው።

የሳልት ዋና ሥራው ፎቶ ማንሳትም አይደለም። ብርሃንን በቀለም በቀለሙ ለያይቶ ማንበብ ነው። በነሐሴ 2017 ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች (የትላልቅ ኮከቦች እጅግ የታመቁ ቅሪቶች) ተጋጭተው የስበት ሞገዳቸው ምድር ላይ ሲደርስ፣ ከግጭቱ የወጣውን ብርሃን ለያይተው ካነበቡት የመጀመሪያዎቹ ቴሌስኮፖች አንዱ ሳልት ነበር። ግጭቱ የደረሰው 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቃ ባለች ጋላክሲ ውስጥ ነው።

አሁን አስቂኙን ልንገራችሁ። በሳልት የሚሠሩት ተመራማሪዎች አብዛኞቹ ሰዘርላንድ አይሄዱም። ፖላንድ ወይም አሜሪካ የተቀመጠ ተመራማሪ ማየት የሚፈልገውን በጽሑፍ ያመለክታል። ከተፈቀደለት ወረፋ ይይዛል። እዚያው ያሉት ባለሙያዎች ሰማዩ ሲመች ይለኩለታል፤ ውጤቱ በኢንተርኔት ይላክለታል። ማለቴ፣ ሥራ ያለው ሰው ቤቱ ቁጭ ብሏል። ሥራ የሌለኝ እኔ ደግሞ ልሂድ እያልኩ እንቅልፍ አጣለሁ። ሳስበው ግን ደስ ይለኛል። በቦታው መገኘት ለሳይንሱ ካላስፈለገ፣ ቦታው ላይ መገኘት የቀረው ለኛ ለጎብኚዎች ነው ማለት ነው።

ጎብኚ ደግሞ ይቀበላሉ። የቀን ጉብኝት አለ፤ እነ ሳልት የሚታዩት በዚያ ነው። የማታ ጉብኝትም አለ፤ ግን ማታ ወደ ምርምር ቴሌስኮፖቹ አይኬድም። ለጎብኚ የተዘጋጁ ሌሎች ትናንሽ ቴሌስኮፖች አሉ። በነዚያ ነው በዓይን የሚታየው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ያኮርፋል፤ የተጭበረበረ ይመስለዋል። እኔ ደግሞ ትክክለኛው አሠራር ነው እላለሁ። የሳልት አንድ ሌሊት ስንት ሰው ወረፋ የሚጠብቅለት ነው፤ እኔ "ዋው" ልልበት አይገባም።

የተዘጋጀሁበትንም ነገር ልናገር። በዓይን ሲታይ ቀለም የለም። ፎቶ ላይ ሮዝና ሰማያዊ ሆነው የምናያቸው የጋዝ ደመናዎች በዓይን ግራጫ ናቸው። በደብዛዛ ብርሃን የሚሠራው የዓይናችን ክፍል ቀለም አይለይም። ያም ቢሆን ለመንቃት ጊዜ ይፈልጋል፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በጨለማ መቆየት ግድ ነው። መሐል ላይ አንድ ሰው ስልኩን ካበራ እንደገና ከአንድ መጀመር ነው። ለዚህ ነው ኦብዘርቫቶሪ አካባቢ በሌሊት ቀይ ባትሪ ብቻ የሚፈቀደው። ሌላም ብልሃት አለ፤ ደብዛዛ ነገር ለማየት ቀጥታ ማየት አይደለም፣ ትንሽ ጎን ጎኑን ማየት ነው። ብርሃን በማይበዛበት ጊዜ የሚሠሩት የዓይን ሕዋሳት መሐሉ ላይ የሉም፤ ዳር ዳሩን ነው ያሉት።

ስለዚህ ግራጫ አያለሁ ብዬ ነው የምሄደው። ግራጫው ግን ከስልክ ስክሪን የመጣ አይደለም። ኦሜጋ ሴንታውሪን ውሰዱ። ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ ኮከቦች የተከማቹባት የኮከብ ክምችት ናት፤ 17,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ትርቃለች። ያን ሁሉ ዘመን የተጓዘ ብርሃን መጨረሻው የኔ ዓይን ሲሆን ምን እንደሚሰማ ማወቅ እፈልጋለሁ። ፎቶ ላይ ያው ብርሃን መጨረሻው የካሜራ ቺፕ ነው። እኔ ጋ የሚደርሰው ወሬው ነው።

መቼ ልሂድ የሚለው ትልቁ ራስ ምታቴ ነው። እዚያ ክረምት የሚሆነው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው። በክረምት ሌሊቱ ረጅም ነው። አቅራብና ቀውስ የሚባሉት የኮከብ ስብስቦች እኩለ ሌሊት ሳይሞላ አናት ላይ ይወጣሉ፤ የጋላክሲያችን መሐል ያለው በዚያ በኩል ስለሆነ ፍኖተ ሐሊብ በጣም ደማቁን ክፍሏን ይዛ ቀጥ ብላ ከራስ በላይ ትዘረጋለች። ግን ሰዘርላንድ በደቡብ አፍሪካ ብርድ ከሚበረታባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ሌሊት ከዜሮ በታች መውረዱ ብርቅ አይደለም፤ በረዶም ይጥላል። በበጋ ከሄድኩ ደግሞ ብርዱ ይቀርልኛል፤ የማጄላን ደመናዎችም ከምሽቱ ጀምሮ ከፍ ብለው ይታያሉ። ሁለት ትናንሽ ጋላክሲዎች ናቸው፤ የሰፈራችን ጎረቤቶች። ትልቁ 160,000 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። በየካቲት 1987 ያለ ቴሌስኮፕ በዓይን የታየው የኮከብ ፍንዳታ የደረሰው በሱ ውስጥ ነበር። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ላለን ሰዎች እነዚህ ደመናዎች ቢበዛ ከአድማስ ትንሽ ብቅ ብለው የሚጠፉ ናቸው። ከሰዘርላንድ ሲታዩ ግን ጨርሶ አይጠልቁም። ዓመቱን ሙሉ ሰማዩ ላይ አሉ፤ በክረምት ምሽት ዝቅ ይላሉ እንጂ።

ክረምቱን መርጫለሁ። ወፍራም ካፖርት ይገዛል፣ ጓንት ይገዛል፤ የጋላክሲ መሐል ግን አይገዛም። ጨረቃ የሌለችበትን ሳምንት መጠበቅ ነው። ደመናዎቹን ለማየት ደግሞ ሊነጋጋ ሲል እነሳለሁ።

ይህ ሁሉ ጨለማ እስከዛሬ የቆየው በዕድል ብቻ እንዳልሆነ መናገር ይገባኛል። ደቡብ አፍሪካ በ2007 ለሥነ ፈለክ የሚመቹ አካባቢዎችን የሚጠብቅ አዋጅ አውጥታለች። በአዋጁ ጥበቃ በሚደረግላቸው አካባቢዎች ሰማዩን የሚያደበዝዝ መብራት ገደብ ይደረግበታል። እዚያው ካሩ ውስጥ፣ ካርናርቨን አጠገብ፣ ሚርካት የሚባሉት፣ ከሰማይ የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ የሚያዳምጡ 64 ሳህኖች አሉ። ለነሱ ሲባል ደግሞ የሬዲዮ ሞገድ ይገደባል። አንዱ ከብርሃን፣ ሌላው ከጫጫታ ይጠበቃል። ሌላው አገር መብራት የሌለበትን ቦታ እንደ ጉድለት ሲቆጥር፣ እነሱ ጨለማቸውን እንደ ማዕድን ቆጥረው ሕግ አወጡለት። በዚህ እቀናለሁ፤ አልዋሽም።

ደመና ከሆነስ? ይህን የማይጠይቀኝ የለም። ደመና ከሆነ የማታው ጉብኝት ሊቀር ይችላል፤ ማንንም መውቀስ አይቻልም። ስለዚህ አንድ ሌሊት ብቻ ብዬ አልሄድም። ያልሆነ ቀን ሆኖብኝ ሁሉም ሌሊት ቢደመንም የቀኑን ጉብኝት ማንም አይከለክለኝም፤ ባለ 1.9 ሜትሩን ስደተኛ አይቼ፣ 91ዱን መስታወቶች ተራ በተራ ለመቁጠር ሞክሬ እመለሳለሁ። ከጠራ ግን አስጎብኚውን መጀመሪያ የምጠይቀው ታውቆኛል፦ አልፋ ሴንታውሪን አሳየኝ፣ የሄንደርሰንን። ሳተርንን ሁሉም ሰው ይጠይቃል።

አብሮኝ ሊሄድ ቃል የገባ አንድ ጓደኛ አለኝ። ሰማይ ምኑም አይደለም። ኬፕታውን ደርሶ ቴብል ማውንቴን ላይ ፎቶ ቢነሳ ይበቃዋል። "እሺ፣ ያንተን ጉድጓድ ጨለማም እናየዋለን" ብሎኛል። ጥሩ ሹፌር ነው፤ ያ ሁሉ መንገድ የሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ ነው ያስፈረምኩት፤ ኮረብታው ላይ ስንደርስ ረጅም መብራት አይበራም።